የእልፍኝ ሙዚቃ በጫንጮ

ዘመናዊው የሙዚቃ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው በአደባባይ በር ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩስያ ለዐፄ ምኒልክ የተላኩት የነሐስ መሣሪያዎች፣ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወጣቶች፣ ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች፣ ሁሉም ድምፃቸው ከሩቅ እንዲሰማ የተዘጋጁ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ ክፍሎች ለዘመናዊው ዘፈናችን ያበረከቱት ውለታ የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ጆሮአችን ዘመናዊ ሙዚቃን ከብዛትና ከጉልበት ጋር አያይዞ እንዲመለከተው አድርገዋል። ሁለት ወይም አምስት ሰዎች በአንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ መሪ ሳይቆምላቸው፣ እርስ በርስ እየተደማመጡ የሚጫወቱት ሙዚቃ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው።

ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ በፈረንጆቹ ዘንድ ቻምበር ሙዚቃ ይባላል። ቃሉን በቃሉ ብንፈታው የእልፍኝ ሙዚቃ ማለት ነው። እልፍኝ ደግሞ ለእኛ ባዕድ ቃል አይደለም። በገና ሲደረደር የኖረው በእልፍኝ ነው፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከአድማጩ ጋር ፊት ለፊት እየተያየ የሚያዜመው በቤት ውስጥ ነው። እንግዲህ እንግዳ የሆነብን ሙዚቃው ነው ወይስ በእልፍኝ መቀመጥ የሚለው ልማድ ራሱ ተረስቶን ነው? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ሲሆን፣ መነሻው ባለፈው ክረምት ጫንጮ ከተማ በአንድ መምህር ቤት ያሳለፍነው ምሽት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ለአንባቢ መግለጽ የሚገባኝ ነገር አለ። የሰማነው የቀጥታ ትርኢት አልነበረም። በጫንጮ ፒያኖ የተቀመጠበት፣ አምስት ተጫዋቾችንም የሚያስተናግድ አዳራሽ እኔ አላየሁም። መምህሩ ከወዳጆቻቸው ያሰባሰቧቸውን የተቀረጹ ሥራዎች በአንዲት ትንሽ ማጫወቻ አሰሙን። አድማጮቹ አሥር ያህል እንሆናለን፤ አብዛኞቹ ወጣት መምህራን ናቸው። ጥግ ላይ ደግሞ የመምህሩ እናት ቡና ያፈሉ ነበር። የተጫዋቾቹ ስም በቅጂዎቹ ላይ አልሰፈረም። ይህ በየቤቱ የሚታይ ጥፋት ነው፤ የደራሲው ስም ተጽፎ ለድርሰቱ ነፍስ የዘሩበት ሰዎች ስም ሲቀር፣ ጥበብን ሰው የሌለው ጥበብ ያደርገዋል። ስለዚህ ስለ አጨዋወቱ የምሰጠው አስተያየት ስምን ሳይሆን ጆሮን ብቻ የተከተለ ነው።

ጫንጮ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ እንጦጦን ተሻግሮ፣ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በበጋ ድርቆሽ የሚከመርባት፣ ወተት የሚጫንባት፣ ከደርባ የሚመጡት ሲሚንቶ ጫኝ መኪናዎች የሚያልፉባት ናት። በክረምት ግን ሜዳው ውሃ ያቁራል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ከሰኔ እስከ መስከረም አያርፍም። ያን ዕለትም ዝናቡ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ይወርድ ነበር። መምህሩ የመጀመሪያውን ሥራ የመረጡት ይህን አስበው መሆኑን ፈገግታቸው ይናገራል።

የመጀመሪያው ሥራ ዮሐንስ ብራምስ በ1878 እና በ1879 ለቫዮሊንና ለፒያኖ የጻፈው በጂ ሜጀር የሆነው ሶናታ ነው። ጀርመኖቹ «የዝናብ ሶናታ» ይሉታል። ስያሜው የመጣው ብራምስ ቀደም ሲል ስለ ዝናብ ለተገጠመ ግጥም ያወጣውን ዜማ በመጨረሻው ክፍል መልሶ ስለ ተጠቀመበት ነው። ፒያኖው ከሥር እንደ ነጠብጣብ ሲያወርድ ቫዮሊኑ ከላይ ያንን የቆየ ዜማ ያነሣል። ይሁን እንጂ የሥራው ክብደት ዝናብን በመምሰሉ አይደለም። ዝናብን መምሰል ቀላል ነው፤ በዚያ ምሽት ጣሪያው ከብራምስ የበለጠ ያውቅበት ነበር። ክብደቱ ያለው በትዝታው ላይ ነው። ብራምስ ይህን ሶናታ በሚጽፍበት ወቅት የክርስትና ልጁ፣ የሮበርትና የክላራ ሹማን የመጨረሻ ወንድ ልጅ ፌሊክስ፣ በሕመም ላይ ነበር፤ በየካቲት 1879 በሃያ አራት ዓመቱ ዐረፈ። ወጣቱ ገጣሚና የቫዮሊን ተጫዋች ነበር። የሁለተኛው ክፍል እርጋታ፣ በመካከሉም የሚሰማው የለቅሶ ሰልፍ እርምጃ፣ ይህን ላወቀ አድማጭ ሌላ ትርጉም ያገኛል።

የሚያስደንቀው ግን ደራሲው ኀዘኑን አለመጮኹ ነው። ቫዮሊኑ አንዲትን ድምፅ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ እንደ ማመንታት ብሎ ይጀምራል፤ ያችው ምት በመጨረሻው ክፍል መግቢያ ላይም ትመለሳለች። የሁለተኛው ክፍል ዜማም በሦስተኛው ውስጥ ድንገት ብቅ ይላል፤ ሰው ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ የሟቹ ስም በአፉ እንደሚመጣበት ማለት ነው። በሰማነው ቅጂ ፒያኖ ተጫዋቹ ይህን ጠባይ በሚገባ ተረድቶታል፤ የሚያነሣቸው ድምፆች ቫዮሊኑን ያቅፉታል እንጂ አይሸፍኑትም። የቫዮሊን ተጫዋቹ በበኩሉ በየረጅሙ ድምፅ ላይ ጣቱን ከመጠን በላይ በማርገብገብ፣ ደራሲው የሸሸገውን ዕንባ እሱ አውጥቶ ሊያሳየን መሞከሩ ቅር አሰኝቶኛል። ልቅሶ ቤት ገብቶ ከቤተ ሰቡ በላይ የሚያለቅስ ሰው ይመስል ነበር።

ሥራው ሲያበቃ ከወጣቶቹ አንዱ፣ «ያማረ ነው፤ ግን የእኛ አይደለም» አለ። ሌላው ወዲያው መልሶ፣ «የእኛ ባይሆንም የሠለጠነ ሙዚቃ ነው፤ ልንደርስበት ይገባል» አለው። እነዚህ ሁለት አባባሎች ለብዙ ዓመታት በየመድረኩ ስንሰማቸው የኖርናቸው ናቸው። የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ መሠረታቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው ሙዚቃውን ከደጅ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው ከሰገነት ላይ አስቀምጦ ይሰግድለታል፤ ሁለቱም ግን ከጎኑ ተቀምጠው አያነጋግሩትም። እኔም ንግግር ላደርግ ጉሮሮዬን ስጠርግ መምህሩ ሁለተኛውን ሥራ አስጀመሩ። ደግ አደረጉ።

ሁለተኛው ሥራ የሴዛር ፍራንክ በኤ ሜጀር የሆነው የቫዮሊንና የፒያኖ ሶናታ ነበር። ፍራንክ በ1822 በሊዬዥ ተወልዶ በፓሪስ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋችነት ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ነው። ይህን ሶናታ የጻፈው በ1886 በስድሳ ሦስት ዓመቱ ሲሆን፣ ለታላቁ የቫዮሊን ተጫዋች ለኤዤን ኢዛይ የሠርግ ስጦታ አድርጎ አበረከተለት። አረጋዊ ሰው ለሙሽራ የሰጠው ምርቃት ነው ብንል አንሳሳትም። አራቱም ክፍሎች ከጥቂት የዜማ ዘሮች የበቀሉ ናቸው፤ በመጀመሪያው ክፍል በእርጋታ የተዘራው በሁለተኛው ማዕበል ሆኖ ይነሣል፤ በሦስተኛው በነጻ ንግግር መልክ ይብሰለሰላል፤ በአራተኛው ደግሞ ፒያኖው አንድ ዜማ ሲጀምር ቫዮሊኑ ትንሽ ዘግየት ብሎ ያንኑ ዜማ እየተከተለ ይሄዳል። ይህን ሥልት ፈረንጆቹ ካኖን ይሉታል። ሁለት ሰዎች በአንድ መንገድ፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት ዘግይቶ፣ ሳይራራቁም ሳይጋጩም ሲጓዙ ማለት ነው። ለጋብቻ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በሙዚቃ የተገኘ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ማጫወቻዋ በባትሪ የምትሠራ ስለ ነበረች ሙዚቃው አልተቋረጠም፤ ሻማ ለመፈለግም የተነሣ ሰው የለም። አጋጣሚው አንድ የታወቀ ታሪክ አስታወሰኝ። ይህ ሶናታ በታኅሣሥ 1886 በብሩክሴል በአንድ የሥዕል ቤተ መዘክር በሕዝብ ፊት በቀረበ ጊዜ ቀኑ መሽቶ ነበር። ለሥዕሎቹ ደኅንነት ሲባል በአዳራሹ መብራት ማብራት ክልክል ስለ ሆነ፣ ኢዛይና ፒያኖ ተጫዋቿ ሌዎንቲን ቦርድ ፔን ኖታውን ማየት ተሳናቸው፤ ቀሪዎቹን ክፍሎች በጨለማ በቃላቸው ተጫወቱት። በጨለማ የሚጫወት ሰው የሚመራው በጓደኛው ትንፋሽ ነው። የእልፍኝ ሙዚቃ ጠባይም በዚህ ይታወቃል።

ፍራንክን ሳመሰግን ጉድለቱን መደበቅ አይገባኝም። ኦርጋን የለመደ እጅ በመሆኑ ለፒያኖው የጻፈው እጅግ የደነደነ ነው። በሁለተኛው ክፍል የፒያኖው ድምፅ እንደ ጎርፍ ሲመጣ ቫዮሊኑ እንደ ሣር ተጋድሞ ያልፍበታል። ጥሩ ተጫዋች ይህን አውቆ እጁን ይቆጥባል። በሰማነው ቅጂ ግን ፒያኖ ተጫዋቹ ጎርፉ ላይ ጎርፍ ጨመረበት። በዚያች ትንሽ ማጫወቻ ደግሞ ድምፁ ተደበላልቆ ለጥቂት ደቂቃ ዜማውን አጥተነዋል። በአራተኛው ክፍል ሁለቱ ሲታረቁ ነው እኛም የታረቅናቸው።

ሦስተኛውና የምሽቱ ዋና ሥራ አንቶኒን ድቮርዣክ በ1887 ለፒያኖ፣ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የጻፈው በኤ ሜጀር የሆነው ኩዊንቴት ነው። በጥር 1888 በፕራግ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ድቮርዣክ በ1841 በአንዲት የቦሂሚያ መንደር የተወለደ፣ አባቱ ሥጋ ሻጭና እንግዳ ተቀባይ የነበረ፣ ራሱም በወጣትነቱ በፕራግ በቲያትር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ እየተጫወተ ዓመታት ያሳለፈ ደራሲ ነው። በኩዊንቴቱ ውስጥ ቪዮላዋ ከሌሎች ደራስያን ሥራ ይልቅ ክብር የምታገኘው ከዚህ የተነሣ መሆኑን መገመት አያስቸግርም። ከታች ተቀምጦ ያገለገለ ሰው የታችኛውን ድምፅ ዋጋ ያውቃል።

ሥራው የሚከፈተው ፒያኖው በዝግታ ሲያጅብ ቼሎው ብቻውን ረጅም ዜማ እያዜመ ነው። ይህን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የነበሩት የመምህሩ እናት ጀበናውን አስቀምጠው በኦሮምኛ ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቁ። መምህሩ ተረጎሙልን፦ «ይህ ሰው ብቻውን ነው ወይ? ለምን አይመልሱለትም?» ማለታቸው ነበር። ቃሉ ከአፋቸው ሳይደርቅ ሌሎቹ መሣሪያዎች በአንድነት፣ በኃይል፣ የዜማውን ስሜት ወደ ማይነር አጨልመው መለሱለት። በክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ ሳቅን፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። «እንዲህ ነው እንጂ» በሚል ሁኔታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

በዚያ ምሽት ከተሰነዘሩት አስተያየቶች ሁሉ የላቀው ሂስ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እኒህ እናት ያደጉት ገረርሳ በሚዜምበት አገር ነው። በገረርሳ አንድ ሰው ተነሥቶ ጀግንነቱን፣ ብሶቱን፣ የደረሰበትን ሁሉ ያዜማል፤ ከበው የሚሰሙት ሰዎች ግን ዝም ብለው አይተዉትም፤ ድምፅ ይሰጡታል። አዝማሪም ቢሆን «ተቀበል!» ተብሎ ከአድማጩ ግጥም የሚቀበል፣ ማሲንቆው ደግሞ የራሱን ድምፅ እየተከተለ የሚመልስለት ነው። በዚህ አገር ዜማ ያለ መልስ አይኖርም። እርሳቸው የጠየቁት ድርሰቱ የማን እንደ ሆነ፣ የሠለጠነ ይሁን ያልሠለጠነ አልነበረም፤ የሚመልስ ሰው መኖር አለመኖሩን ነበር። የእልፍኝ ሙዚቃ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የመልስ ጥበብ ነው። በብራምስ መልሱ ማጽናናት ነው፤ በፍራንክ መልሱ ያንኑ ቃል መድገም ነው፤ በድቮርዣክ መልሱ አንዳንዴ ክርክር፣ አንዳንዴ ጭፈራ ነው።

የኩዊንቴቱ ሁለተኛ ክፍል «ዱምካ» ይባላል። ስሙ ከዩክሬን የመጣ ሲሆን፣ መሠረቱ የኀዘን እንጉርጉሮ ነው። የተከዘ ዜማ ይነሣል፤ ቪዮላዋ ትይዘዋለች፤ ከዚያ ድንገት ፈጣን ጭፈራ ይገባል፤ ጭፈራው ደክሞት ሲወድቅ ያው ትካዜ ይመለሳል። እዚህ ላይ ከወጣቶቹ አንዱ «ይኸማ ትዝታ ነው» አለ። ስሜቱ ልክ ነው፤ በዚህ ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ትዝታ የስሜት ስም ብቻ አይደለም፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከቅኝቶቻችን አንዱ ነው፤ የታወቁ አምስት ድምፆች አሉት። የዱምካው ዜማ ከዚህ ቅኝት አልተገኘም። የማሲንቆ ጣቶች የሚያወጧቸው በድምፅና በድምፅ መካከል ያሉ ስሱ ርቀቶችም በፒያኖ ቁልፎች ላይ የሉም። ተመሳሳይ ነው ብለን ስንቸኩል ሁለቱንም እናደበዝዛቸዋለን። ሁለቱ የሚገናኙት በድምፃቸው ሳይሆን በአካሄዳቸው ነው፤ ሁለቱም ትካዜን ጨርሰው አይገላገሉትም፤ እየዞሩ ይመለሱበታል።

ሦስተኛው ክፍል «ፉሪያንት» የተባለ የቦሂሚያ ጭፈራ ስም የተሰጠው ሲሆን እንደ ፈጣን ቫልስ ይከንፋል። አጨዋወቱ በዚህ ክፍል እንከን አልነበረውም፤ አምስቱ ሰዎች አንድ ሳንባ ያላቸው ይመስሉ ነበር። የመጨረሻው ክፍል ግን ከቀደሙት አንጻር ቀለል ያለ ነው። ደራሲው በመካከሉ ዜማውን በፉጋ ሥልት ቢያሳድደውም፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ እንደ መዝሙር የረጋ ቦታ ቢያበጅለትም፣ የዱምካውን ጥልቀት የሚመጥን ፍጻሜ አግኝቷል ለማለት አልደፍርም። ተጫዋቾቹም ከተገቢው በላይ ስለ ፈጠኑ ያቺ የረጋች ቦታ ሳትታወቅ አለፈች።

ድቮርዣክን በተመለከተ ሌላም መታወስ ያለበት ጉዳይ አለ። በ1892 ኒው ዮርክ ሄዶ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በመራ ጊዜ፣ ለአሜሪካውያን የነገራቸው የአውሮፓን ድርሰት እንዲገለብጡ አልነበረም፤ የወደፊት ሙዚቃቸው በጥቁር ሕዝቦችና በነባር ሕዝቦች ዜማ ላይ እንዲመሠረት ነበር። የራሱን መንደር ጭፈራ ወደ ኩዊንቴት ያስገባ ሰው ሌላውንም የሚመክረው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ከእርሱ መማር ማለት ፉሪያንቱን መቅዳት ሳይሆን ሥራውን መረዳት ነው።

ይህ መንገድ በእኛም አገር ያልተሞከረ አይደለም። ፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች በካይሮ ያስተማሯቸው፣ ኋላም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የተባሉት፣ በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩ ነበሩ። ኮንቶሮቪች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የክብር ዘበኛን ሙዚቃ መሩ፤ ደቀ መዝሙራቸው ደግሞ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ። እማሆይ በ2023 በኢየሩሳሌም እስካረፉ ድረስ የደረሷቸው የፒያኖ ሥራዎች የአውሮፓን የእልፍኝ ጠባይና የአገራችንን ዜማ በአንድ ትንፋሽ ያስተነፍሳሉ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደም «ኮቱሬዥያ» በተሰኘው ድርሰታቸው ፍሉትን፣ ክላሪኔትንና ቫዮሊንን ከጃፓን ኮቶ ጋር በአንድ ክፍል አስቀምጠው አነጋግረዋል። ከያሬድ ወጥተው በሶፊያ የተማሩት ፒያኖ ተጫዋች ግርማ ይፍራሸዋም የእረኛውን ዋሽንት በፒያኖ ቁልፎች ላይ ፈልገዋል። ነገር ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ብቸኝነት ጎልቶ ይታያል። እማሆይ ቫዮሊን የተማሩ ሲሆኑ በሰፊው የታወቁልን ብቻቸውን በፒያኖ በተጫወቷቸው ሥራዎች ነው። ብቸኛው ቼሎ ዜማውን አንሥቷል፤ የሚመልሱለት ግን ገና አልተሟሉም።

የሚመልሱ ሰዎች የሚገኙት ደግሞ በአንድ ትልቅ አዳራሽ፣ በዋና ከተማው ብቻ አይደለም። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ጫንጮ ከአዲስ አበባ የሚለያቸው የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ፒያኖ ማጓጓዝ ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ብርዱና እርጥበቱም ቅኝቱን ያበላሸዋል። ቫዮሊንና ቼሎ ግን በሚኒባስ ይሄዳሉ። ሁለት ተማሪዎች አንድ ቫዮሊንና አንድ ቼሎ ይዘው በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ቢቀመጡ፣ ከአካባቢው ደግሞ አንድ ማሲንቆ ወይም አንድ ገረርሳ የሚያዜም ሰው ቢጋበዝ፣ ለመጀመሪያው ስብሰባ በቂ ነው። ወጪው አነስተኛ ነው፤ የሚያስፈልገው የባህል ተቋሞቻችን ሙዚቃን በሕዝብ ብዛት መመዘን ትተው በመደማመጥ እንዲመዝኑት ብቻ ነው። የተጫዋቾቹንም ስም በትልቁ ይጻፉልን።

መብራቱ የመጣው ሙዚቃው ካበቃ በኋላ ነበር። ሦስተኛው ቡና ቀረበ። «የእኛ አይደለም» ያለው ወጣት የቼሎውን መግቢያ እንደ ገና እንዲያሰሙት መምህሩን ለመናቸው። እርሳቸውም አሰሙት። እናታቸው በዚህኛው ጊዜ አልጠየቁም፤ መልሱ እንደሚመጣ ያውቁ ነበርና ሲኒዎቹን እያጠቡ ጠበቁት።